የቅሬው ዳኛ ሥነ ምግባር ሲማር

መርሳ ላይ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሙላቱ የሚባል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ አለ። ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። ሱቁ እንደ መድኃኒት ቤት ንጹሕ ነው፤ ብሎኑ ከብሎን፣ ኩሽኔታው ከኩሽኔታ ጋር ተደርድሮ፣ በየመደርደሪያው ላይ በትልልቅ ፊደል የዕቃው ስም ተጽፎ ይታያል። ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ክፉን ሰው ሁሉም ስለሚያውቀው ጸሐፊ አያስፈልገውም። ሙላቱ ክፉ አይደለም። ሙላቱ አንድ ኮርስ የተማረ ሰው ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። የእኛ ሰፈር ቅሬ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነበረው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከአራት ዓመት በፊት ሙላቱን የቅሬው ዳኛ አድርገን መረጥነው። ምክንያታችን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ጽሕፈቱ ያምራል። ሁለተኛ፣ ከሱቁ ጀርባ ድንኳኑንና ቃሬዛውን የሚያስቀምጥ ሰፊ ክፍል አለው። ስለ ፍርድ ችሎታው ማንም አልጠየቀም። የቅሬ ፍርድ ያን ያህል ችሎታ አይጠይቅማ። ያጠፋ ሰው በወሩ ስብሰባ ላይ ቆሞ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ሰዉም «አፉ ብለናል» ይላል፤ ያልቃል። አባቶቻችን በዚህ ኖሩ፤ ሙላቱም ሦስት ዓመት በዚህ ዳኘ።

ከዚያ የሚስቱ የጽጌ ታናሽ ወንድም በዲግሪ ተመረቀ። ጥቁር ጋዋን ለብሶ የተነሣው ፎቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሙላቱ ከፎቶው ትይዩ ተቀምጦ ራቱን መብላት አቃተው። በጥቅምት ወልድያ ሄዶ በአንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜ ሙሉ ቀንና እሑድ ጠዋት ከሚማሩት ጋር ተመዘገበ። ዋናው ትምህርቱ ማኔጅመንት ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ግን ሁሉም ተማሪ የሚወስደው አንድ ኮርስ አለ፤ ሥነ ምግባር። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳው ሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ ሄዶ፣ ማታ የሥነ ምግባር ሊቅ ሆኖ ይመለስ ጀመር።

ኮርሱ ሦስት ትልልቅ ንድፈ ሐሳቦች አሉት። አንዱ የሥራህን ውጤት እይ፣ ለብዙዎች የሚጠቅመውን አድርግ ይላል። ሁለተኛው ውጤቱን ተወው፣ ግዴታህን ፈጽም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ፣ መልካም ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብለህ ጠይቅ ይላል። ሙላቱ ሦስቱን ከተማረ በኋላ «ልክ ነው» እና «ልክ አይደለም» ማለት ተወ። «ከየትኛው ንድፈ ሐሳብ አንጻር?» ይላል ጣቱን አንሥቶ። አንድ የባጃጅ ሾፌር የገዛው ኩሽኔታ በሦስተኛው ቀን ተሰብሮበት ሊመልስ መጣ። ሙላቱ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት አስተማረው። የሚገርመው፣ ሦስቱም ንድፈ ሐሳቦች ኩሽኔታው እንዳይመለስ ተስማሙ።

አንድ ሰኞ ከሱቁ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ቅዳሜ የተማረውን አመጣልን።

«ባቡር እየመጣ ነው። ፍሬኑ አልያዘም። ሐዲዱ ላይ አምስት ሰዎች አሉ። አንተ መቀየሪያው ዘንድ ቆመሃል። ብትስበው ባቡሩ ወደ ሌላ መስመር ይዞራል፤ እዚያ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ትስባለህ ወይስ አትስብም?»

«የት ነው ይህ የሆነው?» አሉ አባ ሙሔ። አባ ሙሔ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

«የትም አልሆነም አባ። ለማሰቢያ ነው።»

«እኛ ዘንድ ሐዲዱ እንጂ ባቡሩ አልታየ። ገና ሳይመጣ ሰው ፈጀ በለኛ!»

ሳቅን። መካኒኩ ዓለምነህም አብሮን ነበር። ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለ አይሱዙ ሁሉ ሆዱ ተከፍቶ የታየው በእርሱ እጅ ነው። በዚያ ሰሞን ኩላሊቱ ታሞ እግሩ ስላበጠ ጫማውን ከላይ ቀዶ ነበር የሚጫማው።

«ያንን ፍሬን ሳይፈትሽ ባቡሩን ያስወጣው ማነው?» አለ።

«እሱ ጥያቄው ውስጥ የለም።»

«እንግዲያ ጥያቄው ጎዶሎ ነው። እኔ ጋ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ አምስቱም ስድስተኛውም ቤታቸው ያድሩ ነበር።»

ሙላቱ በትዕግሥት ፈገግ አለ። ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው ማለቱ ነበር።

በኅዳር ዓለምነህ ባሰበት። አንድ ሌሊት ሚስቱ በላይነሽ ወደ ደሴ ይዛው ስትሄድ መኪና ድረስ ከሚያደርሳቸው ባጃጅ ውስጥ ሆና «ለዳኛው ንገሪልኝ» ብላ ለጽጌ ጮኸች። ጽጌም ለባሏ ነገረች። ዓለምነህና በላይነሽ ደሴ ሆስፒታል አምስት ሳምንት ቆዩ። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ሰፈራችን ሦስት ሰው ቀበረ። ሲመለሱ ሙላቱ ስማቸውን ሰርዞ ጠበቃቸው።

ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ አለ፤ አስቀድሞ ሳያሳውቅ ከሦስት ቀብር የቀረ ቤት ይሰረዛል ይላል። ቀጥሎም የተሰረዘ ሰው ቀብር ላይ የተገኘ አባል እርሱም ይሰረዛል ይላል። ይህን የጻፉት ሰዎች ሞተዋል፤ በምን ተናደው እንደጻፉት የሚያውቅ የለም። ተሠርቶበትም አያውቅም። ሙላቱ ግን በላይነሽ ያሳወቀችው በአፍ፣ ያውም በሦስተኛ ወገን ነው አለ። ሦስተኛ ወገን ያላት የገዛ ሚስቱን ነው።

በላይነሽ ሱቁ ድረስ መጣች። እዚያው ነበርኩ።

«እንዴት ዋሉ ዳኛው?»

«ደህና። ተቀመጪ።»

«መቀመጡ ይቅርብኝ፤ ሰውየውን ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት። እሑድ ስብሰባው ላይ ቆሜ አፉ በሉኝ ልል ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰጂው ብለውኛል። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሱም ገብቶታል። የሚያስጨንቀው መሞቱ አይደለም። ሬሳዬን ማን ያነሣዋል፣ አንቺስ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ እያለ ነው የሚያድረው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙላቱ «እሑድ ነይ» ብሏት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። የበላይነሽ ዕድል ሆኖ ግን ያን ቅዳሜ የኮሌጁ መምህር የመንፈቁን የቤት ሥራ ሰጥቷል። በአካባቢያችሁ ያለ እውነተኛ የሥነ ምግባር አጣብቂኝ ፈልጉ፣ በሦስቱ ንድፈ ሐሳቦች መዝኑት፣ በክፍል ፊት አቅርቡት የሚል ነው። የሙላቱ ጓደኞች አጣብቂኛቸውን ከኢንተርኔት ነበር የሚገለብጡት። ሙላቱ ግን ሕያው ሆኖ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘው።

«ይህ ቀላል ነገር አይደለም በላይነሽ» አላት። «ደንብ አለ። ርኅራኄ አለ። የብዙኃን ጥቅም አለ። እስኪጠና ድረስ ታገሺ።»

«ስንት ቀን?»

«ስድስት ሳምንት።»

ስድስት ሳምንቱ ኮሌጁ የሰጠው ቀነ ገደብ ነው። እሷ ይህን በምን ታውቃለች? እጅ ነሥታ ሄደች።

ያም ሆኖ እሑድ ከስብሰባው አልቀረችም። ተነሥታ አፏን ልትከፍት ስትል ሙላቱ ጣቱን አነሣ። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ስለሆነ በአጀንዳ አልያዝነውም» አለ። እዚህ ላይ ሙላቱን ብቻ ብሰድብ ውሸታም እሆናለሁ። እኛም ዝም አልን። አባ ሙሔ ብቻ «ምኑ ነው የሚጠናው?» ብለው አጉረመረሙ። ሌላው ጥናት የሚለውን ቃል ፈርቶ ወደ መሬት አየ። ከመቶ ቤት በላይ የሆነ ሰው አንድ ኮርስ የወሰደ መለዋወጫ ሻጭ ፈራ። እንዲህ ያለ ሰፈር የሚገባውን ዳኛ ያገኛል።

ሙላቱ ቶሎ ሊወስን አልፈለገም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩ ከተወሰነ አጣብቂኝ መሆኑ ይቀራል፣ አጣብቂኝ መሆኑ ከቀረ የሚቀርብ ነገር የለም። ዓለምነህ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ በላይነሽ በስጋት ተወጥራ ስድስት ሳምንት መቆየት ነበረባቸው።

በአራተኛው ሳምንት መጠይቅ አዘጋጅቶ ቤቷ ሄደ። ዓለምነህ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል። በላይነሽ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው።

«ባልሽ ቢሞትና ቅሬው ባይገኝ የሚደርስብሽን ጉዳት ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ ግለጪ» አላት።

«አንዱ ነው ትልቁ አምስቱ?»

«አምስት በጣም ከፍተኛ ነው።»

«እንግዲያው አምስት ይበሉት።»

«ቅሬው ደንቡን ቢጥስ በሌሎች አባላት ላይ የሚያሳድረው የሞራል ጫና...»

ከመጋረጃው ጀርባ ዓለምነህ ተናገረ። «ሙላቱ፣ ከአምስት በላይ ካለ እሱን ጻፍላት። እኔ ብዙ አልጠይቅም፤ ሬሳዬ የሚሸከመው አራት ሰው ቢያገኝ ይበቃዋል።»

ሙላቱ ይህንንም ጻፈው። «የተጠኚው አስተያየት» ከሚለው ሥር።

የኮርሱን መጽሐፍ ተውሼው ነበር። ሙላቱ በደስታ ነው የሰጠኝ፤ «ይከብድሃል» ብሎ። በሦስት ቀን ጨረስኩት። ተንኮለኛ መጽሐፍ እጠብቅ ነበር፤ ሳየው ግን መልካም መጽሐፍ ነው። ግዴታህን ፈጽም የሚሉት ሊቃውንት ግዴታ የሚሉት የቅሬን አንቀጽ አይደለም። ሰውን ለራስህ ጉዳይ እንደ መፍቻና እንደ መዶሻ አትጠቀምበት፣ ሰው ራሱ ግብ ነው ይላሉ። ሙላቱ ይህን ገጽ በቢጫ ቀለም አስምሮበታል። አስምሮበት በላይነሽን መፍቻ አደረጋት። መጽሐፉን ስመልስለት «እዚህ ላይ ያሰመርክበት ስለ አንተ ነው የሚያወራው» አልኩት። «ፈተና ላይ ይመጣል ስላሉን ነው» አለኝ።

ዓለምነህ ያረፈው ልክ ስድስት ሳምንቱ በሞላበት፣ ጥናቱ በሚቀርብበት ዕለት ነው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሞተ። አባ ሙሔ በከዘራቸው የሙላቱን በር መቱ። ሙላቱ ሱፉን ለብሶ፣ ፍላሽ ዲስኩን በደረት ኪሱ ይዞ ወጣ።

«ዓለምነህ ዐረፈ። ጥሩምባውን አምጣው።»

«አባ ሙሔ፣ ጉዳዩ እኮ ገና ውሳኔ አላገኘም።»

«እሱ ወስኗል። ሞተ አልኩህ።»

«ጥሩምባው የአባላት ነው። እሱ ደግሞ ተሰርዟል። ዛሬ ለእሱ ፈቅጄ ነገ ለሌላው ብከለክል አድልዎ ይሆናል። ጥናቱ ዛሬ ይቀርባል፤ ማታ ስመለስ ተሰብስበን...»

«ማታ? ሬሳው ማታ ድረስ ይጠብቅህ?»

«እንደ ዳኛ ገለልተኛ መሆን አለብኝ።»

«ከማንና ከማን መሐል ነው ገለልተኛ የምትሆነው አንተ ልጅ? ከዓለምነህና ከአፈሩ መሐል?»

ሙላቱ ሰዓቱን አየ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ቆለፈ፤ ጥሩምባውም ድንኳኑም ቃሬዛውም ከውስጥ ቀሩ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ወልድያ ሄደ። ጽጌ ከበሩ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ጥቁር ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ ወደ በላይነሽ ቤት የገባችው የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ነበረች።

ጥሩምባ ባይኖርም ሰው ተጠራ። የጋራዡ ልጆች ዓለምነህ የጠገናቸውን አይሱዙዎችና ባጃጆች አስነሥተው ክላክሱን ይዘው በየመንገዱ ዞሩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያልነቃ ቤት አልነበረም። አባ ሙሔ ከኋላ እየተከተሉ በየበሩ «ዓለምነህ ነው፤ ዓለምነህ ነው» ይላሉ። ይህን የሰማ ሁሉ አንቀጹን ያውቃል። ከሄደ እንደሚሰረዝ፣ ነገ እሱ ቢሞት የሚያነሣው እንደማይኖር ያውቃል። ስድስት ሳምንት መሬት መሬት ሲያይ የነበረ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ለምን ያን ቀን ደፈረ? አላውቅም። ሬሳ ከፊታችን ሲተኛ እንደ ጥናት የሚያስፈራ አይደለም መሰለኝ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ መቃብሩን እስላሙም ክርስቲያኑም እየተቀባበለ ቆፈረው። በላይነሽ ወደ መቃብሩ ስትወጣ ዞር ብላ ሰዉን አየችው። መንገዱ እስከ ድልድዩ ሞልቷል። ለቅሶዋን አቋርጣ ጽጌን ክንዷን ይዛ «አራት ሰው ይበቃኛል ነበር እኮ ያለው» አለቻት። ከዚያ እንደ አዲስ አለቀሰች።

በዚያው ሰዓት ወልድያ ላይ ሙላቱ አሥራ ሁለት ስላይዱን እያሳየ ነበር። ራሱ ነው የነገረን። ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷል። መምህሩ ስልኩን እየነካካ ነው የሰማው። ሙላቱ የውጤቱን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ፣ የግዴታውን አቀረበ፣ የመልካም ባሕርዩን አቀረበ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብሎ ደመደመ። «ተጠኚው ዛሬ ጠዋት ሞቷል» ብሎም ጨመረ። መምህሩ ቀና ብሎ «ማጣቀሻ ጽሑፎችህ የታሉ?» አለው። ቢ ፕላስ ሰጠው። ሙላቱ ኤ ይገባኛል ብሎ ቅሬታ አስገብቷል፤ ጉዳዩ እስከዛሬ አላለቀም።

ሲመለስ የመርሳ ሱቆች ተዘግተው አገኛቸው። ሰኞ መዝገቡንና ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። እየቀለደ እንዳይመስላችሁ። ደንቡን ለአንድ ሰው ካስከበረ ለሁሉም ማስከበር ግዴታው ስለሆነ ነው።

«ቀብሩ ላይ ተገኝተሃል?»

«ተገኝቻለሁ።»

ያሰምራል። ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ፓፓያ የምትሸጠው ናጅዋ ከሩቅ አይታው «ጻፈኝ!» አለች። «ልጆቼንም ጻፍ። ፍየላችንም ተከትላን ነበር፤ እሷንም አትርሳ።»

ፍየሏን አልጻፈም። የቀሩትን አንድ መቶ አሥር ቤቶች ግን አንድ በአንድ ሰረዘ፤ የዓለምነህን ጨምሮ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሆኑ። መጨረሻ ላይ የራሱ ስም ቀረ። አባ ሙሔ አጠገቡ ቆመው ነበር።

«ቤትህ በስምህ ነው የተመዘገበው። ጽጌ ደግሞ እኛን ቀድማ ነው የተገኘችው። ስረዘው እንጂ!»

እስክሪብቶው የቆመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሙላቱ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ስለ በላይነሽ ይህን ያህል አስቦ አያውቅም። በኋላ ጣቱን አነሣ። «ሚስቴ ራሷን የቻለች የሞራል ወኪል ናት። የእርሷ ድርጊት በእኔ ላይ ኃላፊነት አያመጣም።» መዝገቡን ዘጋው። ዓለምነህና በላይነሽ ግን ባልም ሚስትም አንድ ላይ ነበር የተሰረዙት፤ አባ ሙሔ ይህን ለማንሣት እንኳ አልደከሙም። ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ።

በዚያው ሰኞ አመሻሽ፣ በቀብሩ ሦስተኛ ቀን፣ በላይነሽ ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ በመጣ የመኪና ሸራ ጥላ ሥር፣ አዲስ ቅሬ ቆመ። አባ ሙሔ ዳኛ ሆኑ፤ ማንበብ አይችሉም። መዝገቡን እንድይዝ እኔን ጠየቁኝና እሺ አልኩ። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ በላይነሽ ናት።

አሁን ግንቦት ነው። ሙላቱ ሁለተኛውን መንፈቅ ጀምሯል፤ የአመራር ጥበብ የሚባል ነገር እየተማረ ነው። ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ግቢው ውስጥ ያሰጣዋል። ማንም መጥቶ አልጠየቀውም። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ከሰዓት ስብሰባ ይጠራል፤ ወንበሮቹን ይደረድራል፣ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፣ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ ይጽፋል፣ ወንበሮቹን ያስገባል። ባለፈው ጊዜ ጽጌ ከበላይነሽ ቤት ስትመለስ በዚሁ ላይ ደረሰች።

«አዲሱ መዝገብ ላይ ተመዘገብኩ» አለችው። «በራሴ ስም። ልጆቹንም አስመዘገብኩ።»

«እኔንስ?»

«አንተማ ቅሬ አለህ» አለችውና ወደ ቤት ገባች።